ባቡር የሌለበት ሰዓት፦ የሚኤሶ ጣቢያ በሞዴል ገበታ ላይ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



የዛሬው ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ አንዳንድ ባልደረቦቼ ፈገግ ማለታቸው አልቀረም። የታሪክ መምህር ከሞዴል ባቡር ጋር ምን አገናኘው? ለዚያውም በምናባዊ ፊልም መነሻነት በሚነደፍ ሞዴል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ንግግሬም በሙሉ ለዚሁ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ይሆናል።

በመጀመሪያ የምንነጋገርበትን ነገር ልግለጽ። ሞዴል ባቡር ስል በሳሎን ወለል ላይ ክብ እየዞረ የሚሮጠውን የልጆች አሻንጉሊት ብቻ ማለቴ አይደለም። ሜርክሊን የተባለው የጀርመን አሻንጉሊት ፋብሪካ በ1883 ዓ.ም. (በ1891 እ.ኤ.አ.) የሐዲድ ስፋቶችን መደብ አውጥቶ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ፣ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን ብዙ ጎልማሶች ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉበት ሙያ ሆኗል። ሐዲዱ፣ ጣቢያው፣ ዛፉ፣ ሰዉና ከብቱ ሁሉ በአንድ የተወሰነ ልኬት ተቀንሶ በጠረጴዛ ላይ ይደራጃል። ይህን ጠረጴዛ ከነሙሉ ይዞታው ከእንግዲህ «ገበታ» እያልኩ እጠራዋለሁ።

ከተማሪዎቼ ጋር ስንነድፈው የቆየነው ገበታ የሚኤሶን ባቡር ጣቢያ የሚያሳይ ነው። ርዝመቱ 3.60 ሜትር፣ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር ነው። ገና አልተሠራም፤ በወረቀት ላይ ያለ ንድፍ ነው። ዛሬ የማቀርብላችሁ ግን የአናጺነቱን ሥራ ሳይሆን ንድፉ ያስገደደንን ምርጫ ነው። መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው «በጣቢያው ዙሪያ ገበያ ነበረ» ብሎ ማለፍ ይችላል። ገበታ የሚሠራ ሰው ግን ገበያው ከሐዲዱ በየትኛው ወገን እንደነበረ፣ ምን ያህል ሰው እንደሚቆምበት፣ ጥላው ወዴት እንደሚወድቅ መወሰን አለበት። ገበታ ጠርዝ አለው፤ ከጠርዙ ውጭ የቀረ ሁሉ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ገበታ መንደፍ፣ ታሪክ እንደመጻፍ ሁሉ፣ ማን ይገባል ማን ይቀራል የሚል ፍርድ መስጠት ነው።

ሲኒማና ባቡር አብረው ያደጉ ናቸው። የሉሚዬር ወንድማማቾች ለሕዝብ ካሳዩአቸው ቀደምት ፊልሞች መካከል የታወቀው ወደ ጣቢያ የሚገባ ባቡር ነው። የምናባዊ ፊልም አባት የሚባለው ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜሊዬስ ወደ ጨረቃ የሚደረገውን ጉዞ ያሳየው በ1902 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር (በ1895 ዓ.ም.) ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ድሬዳዋ ደረሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሜሊዬስ ባቡር ተሳፍረው ወደ ፀሐይ የሚበርሩ ሊቃውንትን አሳየ፤ ለዚህም ትዕይንት ትንንሽ የባቡር ሞዴሎችን ተጠቀመ። ይኸው ሰው በስተርጅናው በፓሪስ በሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ ውስጥ አሻንጉሊት እየሸጠ መኖሩ ደግሞ የታወቀ ነው። ፊልም፣ ሞዴልና ባቡር ጣቢያ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

ለእኛ ገበታ መነሻ የሆነው ፊልም ግን የሜሊዬስ አይደለም። የጃፓናዊው የሀያኦ ሚያዛኪ ሥራ የሆነውና በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው «ስፒሪትድ አዌይ» ነው። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል፤ ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ቺሂሮ የተባለች የ10 ዓመት ልጅ የመናፍስት ዓለም ውስጥ ትገባለች። በፊልሙ ማብቂያ አካባቢ ባቡር ተሳፍራ እስከ ስድስተኛው ፌርማታ ትሄዳለች። ሐዲዱ በውኃ ተሸፍኗል፤ ባቡሩ በተዘረጋው ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ተሳፋሪዎቹ ፊት የሌላቸው ጥላዎች ናቸው፤ በየፌርማታው ሻንጣቸውን ይዘው ይወርዳሉ። በአንዱ ጣቢያ ላይም አንዲት የጥላ ልጅ ቆማ ባቡሩ ሲያልፍ ትታያለች። በዚህ ጉዞ ላይ ንግግር የለም ማለት ይቻላል፤ ቀኑ ይመሻል፣ መብራቶች ይበራሉ፣ መንገዱ ይቀጥላል።

ከዚህ ትዕይንት ሦስት ነገሮችን ለገበታችን ወሰድን። አንደኛው በሰፊ ባዶ ሜዳ ላይ የተዘረጋ ነጠላ ሐዲድ ነው። ሁለተኛው ፊት የሌላቸው ተሳፋሪዎች ናቸው። ሦስተኛው በፊልሙ ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚታለፍ፣ ለታሪክ ሰው ግን ትልቅ ትርጉም ያለው ነገር ነው፦ ባቡሩ ቀድሞ ደርሶ መልስ ነበረ፤ አሁን ግን መሄድ እንጂ መመለስ የለውም። ለቺሂሮ ትኬቱን የሚሰጣት የማሞቂያ ክፍሉ ሽማግሌም ትኬቶቹን 40 ዓመት በመሳቢያ ውስጥ አስቀምጧቸው ኖሯል። ወደዚህ መሳቢያ በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ልኬቱ ልግባ። የመረጥነው ልኬት አንድ ለ87 ነው። በዚህ ልኬት 1.70 ሜትር ቁመት ያለው ሰው ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር የነበረው አሮጌው መስመር ቢሠራ ግን 9 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ጠረጴዛ ይፈልጋል። የእኛ 3.60 ሜትር ገበታ በእውነተኛው ምድር 313 ሜትር ብቻ ይይዛል። አንድ ጣቢያ፣ ጥቂት ሐዲድ፣ ጥቂት ሜዳ፤ ከዚያ በላይ አይፈቅድም።

አሮጌው መስመር የአንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ነበረው። አዲሱ ደግሞ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። በእኛ ልኬት የመጀመሪያው 12 ሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው 16.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የ12 ሚሊ ሜትሩ ሐዲድ በሞዴል ገበያ የሚገኘው በዋነኛነት የስዊዘርላንድን የተራራ ባቡሮች ለሚሠሩ ሰዎች ተብሎ ነው። ይህ ለእኛ ባይተዋር አይደለም፤ በ1886 ዓ.ም. (በ1894 እ.ኤ.አ.) ከዳግማዊ አጼ ምኒልክ የመጀመሪያውን የባቡር ፈቃድ የተቀበሉት አልፍሬድ ኢልግ የስዊዘርላንድ ተወላጅ መሐንዲስ ነበሩ፤ አጋራቸው ፈረንሳዊው ሌዎን ሼፍኖ ነበሩ። የጠባብ ሐዲድ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ወጪው ያንሳል፣ ጠበብ ባለ ኩርባ ይዞራል። እንዲያም ሆኖ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ለዓመታት ቆመ። በ1900 ዓ.ም. (በ1908 እ.ኤ.አ.) አዲስ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው ቀጠለ፤ በ1909 ዓ.ም. (በ1917 እ.ኤ.አ.) ሐዲዱ አዲስ አበባ ገባ። የእኛዋ ሚኤሶ በዚህ ሁለተኛው ምዕራፍ በድሬዳዋና በአዋሽ መካከል ካሉት ጣቢያዎች አንዷ ሆነች።

አሁን ገበታውን በዓይነ ልቡናችሁ እዩት። ተመልካቹ በሰሜን በኩል ቆሞ ወደ ደቡብ ይመለከታል። በግራው ጅቡቲ፣ በቀኙ አዲስ አበባ አለ። ሐዲዱ የተሠራው ከግራ ወደ ቀኝ ነው፤ እኛም በገበታው ላይ ጊዜን ከግራ ወደ ቀኝ አስኬድነው። ከተመልካቹ ፊት ለፊት፣ ከጣቢያው ጀርባ፣ የጨርጨር ተራራ ይነሳል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ችግር ገጠመን። ጭሮ ከሚኤሶ በ500 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። በእኛ ልኬት ይህ ከ5.70 ሜትር በላይ ነው፤ የዚህን አዳራሽ ጣሪያ ያልፋል። ስለዚህ ተራራው ሊሠራ አይችልም፤ ሊሣል ብቻ ይችላል። የጂብሊ ስቱዲዮ ሠዓሊዎች የፊልሞቻቸውን ዳራ በእጅ እንደሚሥሉ ሁሉ፣ የእኛም ተራራ በገበታው ጀርባ በተዘረጋ ሸራ ላይ የሚሣል ይሆናል። ግን ሥዕል ሆኖ ከቀረ ጌጥ ይሆናል። የታሪኩ ግማሽ ደግሞ ያለው በተራራው ላይ ነው።

ከባቡር በፊት ከሐረር ወደ ሸዋ የሚሄዱ ሲራራ ነጋዴዎች ሁለት ዋና መንገድ ነበራቸው፤ አንዱ በጨርጨር ደጋ ላይ የሚያልፈው ነው፤ ሌላው በቆላው ነው። መሐንዲሶቹ ቆላውን መረጡ። ከዚያ ቀደም ብሎ ሐረርን ራሷን ትተው ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ አልፈዋል፤ ድሬዳዋ የተወለደችው ከዚህ ውሳኔ ነው። በጨርጨርም የሆነው ተመሳሳይ ነው። ባቡሩ ወደ ቡናው አልወጣም፤ ቡናው ወደ ባቡሩ ወረደ። በገበታው ላይ ከተሣለው ተራራ ወርዶ ወደ ጣቢያው የሚገባው የጭነት መንገድ ለዚህ ነው ከሐዲዱ እኩል ቦታ የተሰጠው። በሌላ ወገን ደግሞ ከቆላው ሜዳ የሚመጣ የከብትና የግመል መንገድ ሐዲዱን ያቋርጣል። ይህ ሜዳ ሐዲዱ ከመምጣቱ በፊት የኢቱ ኦሮሞና የኢሳ ሶማሌ አርብቶ አደሮች ከብትና ግመል የሚመላለስበት ነበር። ሐዲዱ በእነሱ መንገድ ላይ አለፈ እንጂ እነሱ በሐዲዱ መንገድ ላይ አልመጡም። በንድፉ ላይ አራት አቅጣጫ የሚታየው ስለዚህ ነው፤ ባቡር ጣቢያ ብለን ስንጀምር ግን የታየን ሁለት ብቻ ነበር።

ተራራውን ከጌጥነት የሚያወጣው ሌላም ታሪክ አለ። በ1910ዎቹ ዓ.ም. የጨርጨር ገዥ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ ቆረቆሩ። በሩሲያ ተምረው የተመለሱ፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁና በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር የኢትዮጵያ ወኪል የነበሩ ሰው ናቸው። ከእሳቸው በኋላ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ይህንኑ አውራጃ አስተዳድረዋል። የታሪክ ጸሐፊዎች የዚያን ዘመን ጨርጨር «ሞዴል» አውራጃ ይሉታል፤ የሌላው አገር አስተዳደር ሊከተለው የሚገባ ናሙና ተደርጎ ታስቦ ነበርና።

«ሞዴል» የሚለውን ቃል ልብ በሉት። በአማርኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንለው ይሆናል። አንዱ አምሳያ ነው፤ ካለ ነገር ተቀንሶ የሚቀዳ። ሌላው አርአያ ነው፤ ገና ላልሆነ ነገር አስቀድሞ የሚሠራ። የተክለ ሐዋርያት ጨርጨር አርአያ ነበረች፤ ተራራው ላይ አዲስ ከተማ፣ ሜዳው ላይ ባቡር። የእኛ ገበታ አምሳያ ነው። ጥያቄው አምሳያ ብቻ ሆኖ ይቅር ወይስ ከአርአያነትም ድርሻ ይኑረው የሚል ነው። እኔ ይኑረው ባይ ነኝ፤ እንዴት እንደሆነ ወደኋላ ላይ እገልጻለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ምናባዊ ታሪክ ለዚህ አገር እንግዳ ነው የሚል ካለ፣ የአሰበ ተፈሪ መሥራች የዘመናዊው የኢትዮጵያ ተውኔት ጀማሪ መሆናቸውን ያስታውስ። «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለው ተውኔታቸው እንስሳትን እያናገረ የመንግሥትን ሥራ የሚተች ነበር። ጭሮን የቀየሰ እጅና አውሬን ያናገረ ብዕር የአንድ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ምናብን ለቁም ነገር ማዋል ከጃፓን የምንበደረው ነገር አይደለም።

ወደ ከባዱ ምርጫ ልለፍ። ማንኛውም የሞዴል ገበታ ዓመት አለው። የባቡሩ ዓይነት፣ የሰዉ ልብስ፣ የመብራቱ ዓይነት ሁሉ በዓመቱ ይወሰናል። የእኛ ገበታ በየትኛው ዓመት ይቁም?

ከተማሪዎቼ አብዛኞቹ የመጀመሪያ ምርጫ ያደረጉት 1928 ዓ.ም.ን ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን ቀዳማዊ አጼ ኃይለ ሥላሴ በዚህ ሐዲድ ወደ ጅቡቲ አምርተው ወደ ስደት ሄዱ። ምርጫው ከፊልሙ ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው፤ ሄዶ የማይመለስ ባቡር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡት በኦሜድላና በጎጃም በኩል እንጂ በባቡር አልነበረም። በገበታችን አቅጣጫ ካየነው ደግሞ ያ ባቡር ከቀኝ ወደ ግራ፣ ሐዲዱ ከተሠራበት አቅጣጫ በተቃራኒ ነው የሄደው። ለትዕይንት ከዚህ የሚበልጥ አይገኝም።

እኔ ግን ተቃወምኩ፤ ምክንያቴንም እዚህ ልድገመው። ገበታውን በዚያ ቀን ብናቆመው ሚኤሶ አንድ ታላቅ ሰው ያለፈባት ስፍራ ትሆናለች። ሰዉ ሁሉ ወደ አንድ መስኮት የሚመለከት ይሆናል። የቡናው መንገድ፣ የግመሉ መንገድ፣ ገበያው፣ ሐዲድ ጠጋኙ ሁሉ ለአንድ ባቡር አጃቢ ይሆናሉ። ከዚህ በላይ ደግሞ፣ ጣቢያ ማለት ባቡር የሚያልፍበት ቅጽበት ነው የሚለውን የተሳሳተ ሐሳብ ያጸናል።

የሒሳቡን ነገር ላሳያችሁ። የሞዴል ባቡር ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ፈጣን ሰዓት የሚባል ዘዴ አለ። ርቀትን እንደሚቀንሱ ሁሉ ጊዜንም ይቀንሳሉ። የእኛ ገበታ አንድን ሙሉ ቀን በ2 ሰዓት ያሳያል፤ ማለትም ጊዜው አንድ ለ12 ነው። ባቡሩ በጣቢያው ላይ ግማሽ ሰዓት ይቆማል ብንል እንኳ በገበታው ላይ 2 ደቂቃ ተኩል ይሆናል። በአንድ ቀን ሁለት ባቡር ቢያልፍ 5 ደቂቃ። የቀረው 115 ደቂቃ ባቡር የሌለበት ጣቢያ ነው። የሚኤሶ የባቡር ታሪክ አብዛኛው ክፍል በዚህ 115 ደቂቃ ውስጥ የሚገኝ ነው፤ መጠበቅ፣ መሸጥ፣ መጫን፣ ሐዲድ መጥረግ፣ ከብት መመለስ፣ ወሬ መጠየቅ። ሚያዛኪም ከሌሎች ትዕይንቶች ሁሉ ጸጥ ያለውን ለባቡሩ የሰጠው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ስለዚህ የመረጥኩት ዓመት 1922 ነው። በዚያ ዓመት በአዲስ አበባ የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ ተመረቀ፤ ጨርጨር በአርአያነት የሚታይበት ዘመን ነበር፤ አሰበ ተፈሪም ወጣት ከተማ ነበረች። የመንገደኛ ባቡር በቀን ብቻ ይሄድ ስለነበር ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ ያድር ነበር። ሁለቱ ማደሪያዎች ሚኤሶን በመካከል ስላስቀመጧት መንገደኛው የሚያያት በቀን ብርሃን ነው። ይህ ለንድፍ ትንሽ ነገር ቢመስልም ለታሪክ ትልቅ ነው። በድሬዳዋ ሆቴልና ፋብሪካ ሲያድግ፣ በአዋሽ ማደሪያ ሲቆም፣ ሚኤሶ የምሽት እንግዳ አላገኘችም። መንገደኛው በመስኮት ገዝቶ፣ በመስኮት ከፍሎ አለፈ። የአንዲት ከተማ ዕድል በጊዜ ሠሌዳ ሊወሰን ይችላል፤ ይህን በመጽሐፍ ሳነብ እንደ ቀላል አልፌው ነበር፤ ክብደቱ የታየኝ የገበታውን ሰዓት ስቀምር ነው።

ይሁን እንጂ 1922 ዓ.ም. ብቻውን አይበቃም። ዛሬ ሚኤሶ የሚሄድ ሰው የሚያየው ሌላ ባቡር ነው። በመስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ-ጅቡቲ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ከሐዲዱ በላይ 25 ሺሕ ቮልት የሚያስተላልፍ ሽቦ ተዘርግቷል። መደበኛ አገልግሎቱ ከታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። እዚህም ሚኤሶ እንደገና መጋጠሚያ ሆናለች፤ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለውን አንድ የቻይና ተቋራጭ፣ ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ያለውን ሌላ የቻይና ተቋራጭ ሠርቶታል። አሮጌው ሐዲድና አዲሱ ሐዲድ ግን አይገናኙም። ስፋታቸው ስለሚለያይ የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ ሊሄድ አይችልም። አዲስ መስመር የአሮጌው ቀጣይ ነው ብለን በንግግር እናገናኛቸው ይሆናል፤ በገበታው ላይ ግን 12 ሚሊ ሜትርና 16.5 ሚሊ ሜትር ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

መፍትሔውን ያገኘነው ከፊልሙ ነው። የገበታው የግራ ክፍል 1.50 ሜትር በ1922 ዓ.ም. ላይ የቆመ ነው። የቀኙ 1.50 ሜትር የዛሬው ነው። መካከለኛው 60 ሳንቲ ሜትር የሁለቱ መሸጋገሪያ ነው። በፊልሙ ሐዲዱን የሸፈነው ውኃ በእኛ ገበታ አቧራ ሆነ። ጠባቡ ሐዲድ ከግራ መጥቶ በመካከለኛው ክፍል ቀስ በቀስ በአፈር ይሸፈናል፤ እሾኽ ይበቅልበታል፤ ከዚያ አይታይም። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የአሮጌው ባቡር አገልግሎት በ2000ዎቹ መግቢያ እየደከመ ሄዶ የቆመበት ጊዜ ይህ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። አፈሩ ከሚኤሶ የተወሰደና በወንፊት የተነፋ ይሆናል፤ ግራሩ ከደረቀ ቅርንጫፍ፣ ሜዳው ከኮምፔንሳቶና ከጀሶ ይሠራል። ከውጭ የምናስመጣው ሐዲዱንና ባቡሩን ብቻ ነው፤ ይህም ቢሆን ከእውነተኛው ታሪክ ጋር የሚስማማ ነው።

በዚህ ላይ ከተማሪዎቼ አንዷ ያነሳችው ተቃውሞ ጠንካራ ነበር። «መምህር፣ ሁለት ዘመን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ታሪክ መሆኑ ቀርቶ ተረት አይሆንም ወይ?» አለችኝ። መልሴ ይህ ነበር። ማንኛውም የታሪክ ጸሐፊ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ሁለት ዘመን ያገናኛል። ልዩነቱ አንባቢው መገጣጠሚያውን ያያል ወይስ አያይም የሚለው ነው። ምናብ በታሪክ ውስጥ ኃጢአት የሚሆነው ሲደበቅ ነው። የእኛ 60 ሳንቲ ሜትር መገጣጠሚያው በግልጽ የሚታይበት ቦታ ነው።

ከዚህ መልስ ሌላ ደንብ ወጣ፤ የዚህ ንግግር ዋና ፍሬ ሐሳብም እሱ ነው። በገበታው የ1922 ክፍል ላይ 60 የሰው ምስሎችን ለማቆም አስበናል። እያንዳንዱ ምስል ቀለም የሚቀባው ማስረጃ ሲገኝለት ብቻ ነው። በሰነድ፣ በፎቶግራፍ ወይም በአንደበት ምስክርነት ማን እንደሆነ፣ ምን ይሠራ እንደነበረ፣ ምን ይለብስ እንደነበረ ያልታወቀ ሰው ግራጫ ሆኖ ይቆማል። በፊልሙ ተሳፋሪዎቹ ጥላ ሆነው ይቀራሉ፤ ለኪነ ጥበብ ይህ ይፈቀዳል፤ እንዲያውም ውበቱ ነው። ለታሪክ ግን ጥላ የሥራ ትእዛዝ ነው።

ይህን ደንብ በንድፉ ላይ ስንሞክረው ያየነው ነገር ትምህርት ሰጪ ነው። መሐንዲሱ፣ የኩባንያው ሹም፣ ገዥው፣ ታላቁ መንገደኛ ወዲያው ቀለም ያገኛሉ፤ በስማቸው ሰነድ አለ። በመስኮት ወተትና ምግብ የምትሸጠው ሴት፣ ከተራራው ቡና የጫነው ነጋዴ፣ ሐዲዱን በእግሩ እየሄደ የሚመረምረው ሠራተኛ፣ ግመሎቹን ለማሻገር የባቡሩን ማለፍ የሚጠብቀው አርብቶ አደር ግን ግራጫ ናቸው። ገበታው በዛሬው ዕውቀታችን ቢሠራ ጥቂት ባለቀለም ሰዎች በብዙ ጥላዎች መካከል የቆሙበት ሜዳ ይሆናል። ይህ የሚኤሶ መልክ አይደለም፤ የእኛ የታሪክ ክምችት መልክ ነው።

እዚህ ላይ ወደ መሳቢያው እመለሳለሁ። በፊልሙ የማሞቂያ ክፍሉ ሽማግሌ ትኬቶቹን 40 ዓመት አኑሯቸዋል፤ ጠያቂ እስኪመጣ ድረስ ዋጋ አልነበራቸውም። በዚህ መስመር ላይ የሠሩ፣ የነገዱ፣ የተሳፈሩ ሰዎች በሚኤሶ፣ በአሰቦት፣ በአፍደም፣ በድሬዳዋ ዛሬም አሉ። 1922 ዓ.ም.ን በዓይኑ አይቶ የሚናገር ሰው ከእንግዲህ አይገኝም። ነገር ግን ከአባትና ከእናት የሰሙት አሉ፤ በ1940ዎቹ ዓ.ም. የናፍጣ ባቡር ከገባ በኋላ ያለውን ዘመን ራሳቸው የኖሩት አሉ። በየቤቱ መሳቢያም አሮጌ ትኬት፣ የደመወዝ ወረቀት፣ ፎቶግራፍ ሊኖር ይችላል። «ሸመንደፈር» የሚለውን ስም ከፈረንሳይኛ አውጥተው የራሳቸው ያደረጉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ጠያቂ ካልሄደ ግን መሳቢያው ከባለቤቱ ጋር ይዘጋል።

አምሳያ ወደ አርአያ የሚለወጠው በዚህ ነው። ገበታው የተጠናቀቀ ዕቃ ሆኖ በመስታወት ሳጥን ውስጥ እንዲቀመጥ አልፈልግም። በየዓመቱ የሚለወጥ፣ ግራጫው እየቀነሰ ቀለሙ እየበዛ የሚሄድ የጋራ መዝገብ እንዲሆን እፈልጋለሁ። አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ከአንዲት እናት ጋር ተቀምጦ እናቷ በጣቢያው ላይ ምን ትሸጥ እንደነበረ፣ በምን ዕቃ፣ በስንት፣ ለማን እንደነበረ መዝግቦ ሲመጣ፣ ብሩሽ አንስቶ አንዱን ምስል ይቀባል። ቃለ መጠይቁም በአማርኛ ብቻ አይሆንም፤ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ የተነገረው በተነገረበት ቋንቋ ይመዘገባል። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይህን አይቶ ለአዋሽ ወይም ለአፍደም ቢያደርገው፣ ያን ጊዜ ገበታችን አርአያ ሆነ ማለት ነው።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ በዲጂታል ካርታ መሥራት አይቀልም ወይ ይላሉ። ይቀላል፤ ወደፊትም ይሠራል። ነገር ግን ካርታ በስልክ ላይ ሲታይ ያየው ሰው የሚፈልገውን ብቻ አጉልቶ ሌላውን መተው ይችላል። በገበታ ዙሪያ የሚቆም ሰው ግን ከሌሎች ጋር ነው የሚቆመው። የሚኤሶ አዛውንት ከልጅ ልጃቸው ጋር መጥተው «ገበያው እዚህ አልነበረም፤ ወዲያ ማዶ ነው» ቢሉ፣ እኛ ገበያውን ከነሰዉ አንስተን ማዶ እናስቀምጣለን። ከአንድ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ከሚጻፍ እርማት ይልቅ ይህ እርማት ለሁሉም ይታያል።

ስለዚህ የቀረበው ንድፍ ይህ ነው፦ 3.60 ሜትር ጠረጴዛ፣ ሁለት የማይገናኙ ሐዲዶች፣ በመካከላቸው 60 ሳንቲ ሜትር አቧራ፣ በጀርባ የተሣለ የጨርጨር ተራራ፣ ከፊት 60 ምስሎች። የሁለት ሰዓት ቀን፣ ከዚያ ውስጥ 5 ደቂቃ ባቡር። ጠረጴዛውን የሚሠራው የእንጨት ሥራ ክፍል ነው። 115 ደቂቃውን መሙላት ግን የታሪክ ትምህርት ክፍል ሥራ ነው። የቃለ መጠይቅ ቡድኖች ምዝገባ ከዚህ ንግግር በኋላ በአዳራሹ በር ላይ ይጀመራል። ከሚኤሶ የመጣችሁ እንግዶቻችን ደግሞ ተማሪዎቹ ሲመጡ በራችሁን እንድትከፍቱላቸው፣ መሳቢያችሁንም እንድትፈትሹላቸው በአክብሮት እለምናለሁ።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።